አይጥ በላው የተባለው ኑዛዜ

ሰው ሰበብ ሲያልቅበት አይጥ ላይ እንደሚያላክክ አስተውላችኋል? እኔ አስተውያለሁ። ጠርጣራ ነኝ፤ አልደብቃችሁም።

ስለዚች ፍጥረት ብዙ አንብቤያለሁ። ግእዙ «አንጸዋ» ይላታል። ፈረንጆች እሷንና ቢጤዎቿን በአንድነት የሚጠሩበት ስም ከላቲን የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ቆርጣሚ» ማለት ነው። በእኛ መጻሕፍት ደግሞ «ዘራይጥ» የሚል አይቻለሁ፤ የአይጥ ዘር። አያችሁ? ፈረንጅ በጥርሷ ጠራት፤ እኛ በዘሯ። እኛ መቼ ዘር ሳንቆጥር ውለን እናውቃለን! ጃርት እንኳ ከዘሯ ተቆጥሯል፤ ድንቹን እሱ ይቆፍረዋል፣ ስሙ ግን ለአይጥ ነው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል። አይጧ ራሷ ባልበላችው ስንቴ እንደተመታች ማን ይንገረን?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ካርቱም ሠላሳ ዓመት ኖሬ፣ ጦርነቱ ሲመጣ መጽሐፎቼን ጥዬ፣ በመተማ በኩል አንድ ቦርሳ ይዤ ማክሰኝት ገባሁ። እናቴ ከተቀበረች ሦስት ሳምንቷ ነበር። ታናሽ እህቴ አልጣሽ ጓዳውን ጠርጋ፣ አልጋ ዘርግታ ተቀበለችኝ። ግን ጓዳው የኔ ነው ወይስ ምጽዋት? ሌላ መሄጃ የለኝም። በሦስተኛው ቀን «የእምዬ ኑዛዜስ?» አልኳት።

«አይጥ ቆረጣጠመው፣ እታለም።»

«ምነው? ከየት አግኝታ?»

«ከጎታው ነዋ!»

ይህስ እውነት ይመስላል። የእኛ ሰው ወረቀት የሚሸሽገው እህል ውስጥ ነው፤ ከሌባ አሽሽቶ ለአይጥ ያስረክባል። አሳዪኝ አልኳት። እያመነታች አመጣችው። የጻፉት የእምዬ የነፍስ አባት ቀድመዋት አርፈዋል። ጥጋጥጉ በእርግጥ ተቆርጥሟል። ከመሀሉ ግን አንድ መስመር የለም፤ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ከላይ «ቤቴ ለአልጣሽ» ይላል። የኔ ስም የትም የለም።

«አይጧ መቀስ ይዛ ነው የመጣችው?» አልኳት። «ፊደልስ ማን አስቆጠራት?»

ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ ነገር ስቆረጥም ሰነበትኩ። ወጥ ስትጨልፍ «ለአይጧም ጨልፊላት» እላለሁ። በር ስትዘጋ «ቀስ በይ፣ ምስክርሽ ትደነግጣለች» እላለሁ። በመጨረሻ አለቀሰች። ዳዊቷን ገልጣ አንዲት ቀጭን የወረቀት ቁራጭ እጄ ላይ ጣለች። የእምዬ ቃል ነው፦

«ጥላኝ ለቀረችው ለትልቋ ልጄ ከቤቴ ጭራሮ እንኳ አይድረሳት።»

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «አያ ሞላ ይህን ካነበበ ያስወጣሻል። አንቺስ ብታነቢው ምን ትሆኛለሽ ብዬ?»

አያ ሞላ የዘመዶቻችን ሽማግሌ ነው፤ የሟች ቃል ካልተፈጸመ እህል አይወርድለትም። ኑዛዜውም በአርባዋ ቀን በእሱ ፊት ሊነበብ ነበር። እኔ ቁራጯን ደጋግሜ አነበብኩ። ያን ሁሉ መጽሐፍ ሳነብ እንደዚህ የገባኝ መስመር አልነበረም።

በአርባዋ አያ ሞላ ከዘመድ ፊት ተቀመጠ። ጠላውን ቀመሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ቃሏ ይነበብ።»

አልጣሽ አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት። «አይጥ በላው፣ አያ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ሙሉውን?»

«ከነፊደሉ።»

«ትምያለሽ?»

ማልኩ። ውሸቴን እውነት ላድርገው ብዬ ወረቀቱንም ቁራጯንም በዋዜማው ለአይጧ ጎታው ውስጥ ጨምሬላት ነበር። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ አየሁ። ወረቀቱ የለም። ቁራጯን ግን አልነካቻትም።

አሁን አይጧንም መጠርጠር ጀምሬያለሁ።