ቀዳዳ የማይወዱት ጋሼ ቶንግ

እግዚአብሔር ሰውን በመንደር ሲያኖር፣ ለትዕግሥቱ መፈተኛ አንድ ሁሉን አዋቂ ጎረቤት አብሮ ሰጥቶታል። ሐኪሙን ስለ ሕመም፣ ግንበኛውን ስለ ድንጋይ፣ አዋላጇን ስለ ምጥ የሚያርም፣ ራሱ ግን ታርሞ የማያውቅ ሰው ከየትኛውም አገር አይጠፋም። በቻይና ሰሜን ጫፍ፣ በሔይሎንግጂያንግ ወንዝ ዳርቻ፣ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ በሚሆንባት መንደር፣ ይህ ማዕረግ የክቡር ጋሼ ቶንግ ነበረ።

ትምህርታቸው አንዲት ናት፦ «ብርድ ሌባ ነው፤ ቀዳዳ አይቶ ይገባል። ድፈኑ!» መንደርተኛው ከበረዶው ወራት በፊት የመስኮቱን ስንጥቅ በወረቀትና በዱቄት ሙጫ ሲለጥፍ፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ይባርካሉ፤ ይገሥጻሉ። አንድ ጊዜ የጭስ መውጫ ሳይቀር አስደፍነው፣ ቤተሰቡ በሙሉ እያሳለ ወደ ውጭ ሲሮጥ፣ «ጥፋቱ የእሳቱ ነው» ብለው ፈርደዋል።

ጎረቤታቸው ሱሜይ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇ ላን በዚያ ዓመት በበረዶው ወራት ልትወልድ ነበር፤ አራሷን የምታበላው እንቁላል ደግሞ ከጓሮዋ ዶሮዎች በቀር ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ትልቁ ብርድ ሲቃረብ ፈራች፤ የፈራ ሰው የሚሠራውንም ስሕተት ሠራች፤ ጋሼ ቶንግን ጠየቀች።

ሙጫቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። የዶሮዎቹን ቤት በወረቀት፣ በላስቲክ፣ በአሮጌ ጨርቅና በጭቃ ገነዙት።

«ጋሼ፣ በምን ይተነፍሳሉ?»

«አንቺ ልጅ! የዶሮ ሳንባ እኮ ጥፍር አያክልም። እስካሁን የተነፈሰችው ይበቃታል።»

ብርዱ ወረደ። ሱሜይ አንድ ማለዳ በሩን ስትከፍት የዶሮዎቹ እስትንፋስ በግድግዳው ላይ ነጭ በረዶ ሆኖ ተጋግሯል፤ ጭዱ ረጥቧል፤ በአናታቸው ላይ ያለው ቀይ አክሊል ጫፉ ጠቁሯል። ሁለቱማ መቆም አቅቷቸዋል።

ጋሼ ቶንግ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ብዬ ነበር! የሆነ ቦታ ቀዳዳ ቀርቷል» አሉ።

ያን ጊዜ የሱሜይ አክብሮት አለቀ።

«ቀዳዳ የቀረው ያንተ ጭንቅላት ላይ ነው! አፈንካቸው እኮ! እንካ፣ የገደልከውን ብላ!»

ሁለቱን ዶሮዎች እቅፋቸው ውስጥ ጣለችና፣ በጣራው ሥር የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሯ ቦጫጨቀችው። አየር ገባ፤ ደረቅ ጭድ ነሰነሰች፤ የቀሩት ዳኑ። እንቁላል መጣል ግን አቆሙ።

ላን ወለደች። ሱሜይ እንቁላል ፍለጋ መንደሩን ዞረች፤ የሁሉም ዶሮ በብርዱ አቁሟል። ያላንኳኳችው አንድ በር ብቻ ቀረ። ኩራቷን ውጣ የጋሼ ቶንግን በር ገፋች።

በዚያ አገር ሰው የሚተኛው ከሥሩ እሳት በሚያልፍበት የጡብ መደብ ላይ ነው። በምድጃው በኩል ያለው ሞቃት ጫፍ የሽማግሌና የክቡር እንግዳ ነው። ከዚያ ጫፍ ላይ፣ በጋሼ ቶንግ ብርድ ልብስ መካከል፣ ሁለቱ ዶሮዎች አክሊላቸው በዝይ ሞራ ታሽቶ እያበራ ተሰይመዋል። የቤቱ ጌታ ግን ካፖርታቸውንና ቆባቸውን እንዳደረጉ በቀዝቃዛው ጫፍ ተኮራምተዋል። የመስኮቱ ወረቀት ጥጉ ተልጦ ነፋሱ ያፏጫል።

«ጋሼ፣ መስኮቱ ተቀዷል።»

«አውቃለሁ» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «ዶሮ አየር ካላገኘች ትታመማለች። ይህን የማያውቅ ሰው አለ?»

ከትራሳቸው ሥር አንድ የሱፍ ካልሲ አወጡ። በእንቁላል ተወጥሯል።

«ለአራሷ ነው። አንዱንም አልቀመስኩም። ስትቀቅዪው ግን ድስቱን ድፍን አድርጊው!»

«እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት» አለች ሱሜይ። ካልሲውን ጉያዋ ውስጥ ከትታ ከምድጃው ፊት ቁጢጥ አለችና፣ ሙቀቱ እስከ ቀዝቃዛው ጫፍ እንዲደርስ የበቆሎውን ቆረቆንዳ ትማግድ ጀመር።

«እንዲህ አይማገድም! በጎን ነው፣ በጎን! አንቺ ልጅ፣ ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ፣ ጋሼ» አለችና በራሷ መንገድ ማገደች።