የክቡር አርቲስት ገነነ ወንድም

እግዜር ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ተዋናይ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ተዋናይ ደግሞ በእሱ የሚያፍር አንድ ወንድም ይመድባል። ለፍኖተ ሰላምና ለዙሪያዋ የተሰጠው ክቡር አርቲስት ገነነ ገብረሰንበት ሲሆን፣ የማፈሩ ሥራ የደረሰው ለታላቅ ወንድሙ ለመምህር ደጀኔ ነው። ደጀኔም ይህን ሥራ እንደ ማስተማሩ ሁሉ አንድ ቀን ሳይቀር፣ በትጋት ሲሠራው ኖሯል።

የገነነን ዓይነት ሰው ታውቁታላችሁ። ሻይ ቤት ገብቶ እንደ ሰው ሻይ አያዝም። አንድ ጊዜ በጡረተኛ ወታደር ድምፅ ያዛል፤ ሌላ ጊዜ በአለቃው እንደተናደደ ጸሐፊ ያዛል። ሰው ቢስቅም ባይስቅም ግድ የለው። የተቆጣው ሰው ካለ ደግሞ አንድ መልስ ብቻ አለችው፤ "ሚናው ነው እኮ!"

ነገሩ የጀመረው ገና በልጅነቱ፣ ማንኩሳ አጠገብ ባለው በወላጆቹ ቤት ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ከቀብር መልስ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ የጎረቤታቸውን የእትዬ አይናለምን ለቅሶ ደረት አመታታቸው ሳይቀር አሳያቸው። እትዬ አይናለም ለካ ከኋላው ቆመዋል። ልጆቹ ተበተኑ፤ ደጀኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። ሴትዮዋ ግን አልተቆጡም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደገና አለቀሱ። "እኔስ ለወንድሜ እንዲህ አላለቀስኩለትም" ብለው ሽምብራ ዘግነው ሰጡት። የክቡር አርቲስቱ የመጀመሪያ ደመወዝ ይኸው ነበር።

ለትምህርት ፍኖተ ሰላም መጥቶ ደጀኔ ዘንድ ሲቀመጥ፣ የቲያትር ክበብ የመጀመሪያ ሚናውን ሰጠው። ሬሳ። አርቲስቱ ለሦስት ቀን ተለማመደ፤ ሬሳ ምን ይለማመዳል ብትሉት መልስ አያጣም። በወላጆች ቀን ጋቢ ተከናንቦ መድረኩ ላይ ተጋደመ። እናታቸው ወይዘሮ ንግሥቴ ልጄ ሊከበርልኝ ነው ብለው ከማንኩሳ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ምን ሆኖ እንደሚጫወት የነገራቸው የለም። ጋቢው ሲገለጥ ልጃቸውን አዩት። "ሟርተኞች!" ብለው መድረኩ ላይ ወጡና እግሩን ይዘው ጎተቱት። ክቡር አርቲስት ትንፋሹን እንደያዘ ተጎተተ። ዓይኑንም አልገለጠ። ይህን ጊዜ እናቲቱ እውነት መስሏቸው እሪ አሉ። ደጀኔ ከመምህራኑ መሃል ተነስቶ፣ ፊቱ እንደ ፍም ቀልቶ፣ እናቱን ደግፎ አወረደ። ቤት ሲገቡ ቢቆጣው ጊዜ፣ "ሚናው ነው እኮ አያ! ሬሳ እናቴ መጣች ብሎ ይነሳል እንዴ?" አለው።

እስከዚህ ድረስ የተማሪ ቀልድ ነው ይባላል። የሽንት ቤቱ ነገር ግን ሌላ ነው።

አባታቸው አቶ ገብረሰንበት "ስም ነው የሰው ሀብቱ" የሚሉ፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ሽንት ቤት ይሥራ በተባለ ጊዜ ከቀበሌው አንደኛ የሆነውን ሠሩ፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ መዝጊያው ሳንቃ። በጣም ከማማሩ የተነሳ ማንም ሊገባበት አልደፈረም። አቶ ገብረሰንበት አዩት፣ አዩትና ጓሮው ሞልቶ ይህን የመሰለ ቤት ለዚህ ጉዳይ ማበላሸት ነውር ነው ብለው በርበሬያቸውን ከተቱበት። የጤና ጎብኚ ይመጣል ሲባል ኬሻው ወደ ጎረቤት ይሸሻል፤ ጎብኚው ሲሄድ ይመለሳል። ዘዴውን የቀየሰው መምህር ደጀኔ ነው። ኬሻውን በጀርባው የሚያመላልሰው ደግሞ ገነነ። ቤቱ "ሞዴል ቤተሰብ" ተብሎ የምስክር ወረቀት ሲቀበል አባትየው ያነበቡትን ንግግርም የጻፈው ደጀኔ ነበር።

ገነነ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር፣ በየገበያው እየዞረ የጤና ድራማ የሚያሳይ ቡድን ውስጥ ገባ። ቀጣዩ ድራማ ስለ ሽንት ቤት ነበርና የቡድኑ መሪ ከድር፣ "እያንዳንዳችሁ ከየአገራችሁ የምታውቁትን አምጡ" አላቸው። ሌሎቹ የሰሙትን ወሬ አመጡ። ገነነ አባቱን አመጣ።

ማንኩሳ፣ በገበያ ቀን፣ ለድራማው ከጨርቅ የተሠራው ሽንት ቤት በር ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ኬሻ ተሸክሞ ወጣ። አነጠሰ። ደገመ፤ ሠለሰ። ከዚያ ጋቢውን ግራ ትከሻው ላይ ወርውሮ፣ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠራረገና "ስም ነው የሰው ሀብቱ" አለ። ገበያው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዞሮ አየ። አቶ ገብረሰንበት ጋቢያቸው ግራ ትከሻቸው ላይ እንደተወረወረ ጨው ተራ ቆመው ነበር።

ከዚያ ወዲያ አገሬው ሰላምታውን ለወጠ። እንደምን አደሩ ማለት ቀረና ሲያገኟቸው "ይማርዎ!" ይሏቸው ጀመር። ሽማግሌው አንድ ወር ገበያ አልወጡም። "ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል ሲባል ሰምቻለሁ" አሉ፣ "የእኛው ግን ዘራፊውን ጠርቶ በር ከፈተለት።"

ደጀኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሙን ደጄ እንዳትረግጥ አለው። ገነነ "ሚናው..." ብሎ ጀምሮ ተወው። አንገቱን ደፋ። "አያ፣ የማልወደውን ሰው እንዲህ አድርጌ ማጥናት አልችልም" ብሎ ወጣ። ደጀኔ ይህን ቃል ሰማው እንጂ ልቡ አላስገባውም። የራሱ ጭንቀት ነበረበት።

ጭንቀቱ ያምሮት ናት። አብራው የምታስተምር የቡሬ ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ ጌታሁን የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ከበርበሬ ቀጥሎ የሚመረምሩት የሰው ወገን ነው። ደጀኔ የላካቸው ሽማግሌዎች ልጁ ከሞዴል ቤተሰብ የተወለደ ነው ብለው፣ የምስክር ወረቀቱንም አሳይተው ቃል ሰጥተዋል። አቶ ጌታሁንም ልጁን ራሴ ልየው ብለው ቡሬ ጠሩት፤ ምሳ አብልተው፣ ገበያውን ላሳይህ ብለው ይዘውት ወጡ።

ገበያው መሃል ድምፅ ማጉያ ይጮሃል። ሰው ክብ ሠርቷል። ደጀኔ ማስነጠሱን ሲሰማ ሊመለስ ዞረ፤ ግን መመለሻ የለም፣ አቶ ጌታሁን ክንዱን ይዘው ሰው እየገፉ ከፊት አቆሙት። ነጋዴው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ድራማው አልቆ ሰው መበተን ሲጀምር ወደ ደጀኔ ዞሩ።

"ይሄ ልጅ የማንኩሳ ነው ይላሉ። ካንተ ወገን ይሆን እንዴ? ታውቀዋለህ?"

"የለም ጋሼ" አለ ደጀኔ። "አላውቀውም።"

ገነነ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ወንድሙን ሊያቅፍ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። የወረደውን እጅ አልጣለውም፤ ጋቢውን አስተካከለበት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ደጀኔን በሁለት እጁ ጨበጠው።

"ጤና ይስጥልኝ። የማንኩሳ ሰው ነዎት መሰለኝ፤ በአካል አላውቅዎትም።"

ደጀኔ ቂም ፍለጋ ዓይኑን አየው። ቂም የለም። የሚያውቀው ሰው የለም። አንድ ትሁት እንግዳ ብቻ ነው የቆመው፤ ለአፍታ እሱ ራሱ ተጠራጠረ። ዕድሜውን ሙሉ በወንድሙ ሲያፍር የኖረው ሰው ማፈር ማለት ምን እንደሆነ ገና አሁን ገባው። በራሱ አፈረ፤ የለበሰው ኮት ሳይቀር አስጠላው።

"ጋሼ፣ ዋሽቻለሁ" አለ። "ወንድሜ ነው። የእናቴ ልጅ።"

አቶ ጌታሁን አንዴ እሱን፣ አንዴ ተዋናዩን አዩ።

"እኔ?" አለ ገነነ ደንግጦ። "ጌታዬ፣ በሰው ተሳስተው ይሆናል። እኔ እንኳ ለእናቴ አንድ ነኝ።"

"መምህር፣ ልጁ እኮ አያውቅህም" አሉ አቶ ጌታሁን፣ ፀሐይ መትቶት ይሆን በሚል አዘኔታ።

"ገነነ! በእማዬ ሞት!"

"እማዬ ማን ናቸው?" አለ አርቲስቱ። ከድርና ጓደኞቹ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ።

ደጀኔ ያለችው አንዲት ማስረጃ ብቻ ነበረች። ያወጣት ዕለት ያምሮትም፣ ስሙም፣ የአባቱም የምስክር ወረቀት አብረው እንደሚሄዱ ያውቃል። አወጣት።

"ያ በርበሬ የተሞላው ሽንት ቤት የእኛ ነው። ኬሻውን ጎረቤት እንዲደበቅ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የሞዴሉን ንግግር የጻፍኩትም..."

"ኧረ አያ!" ብሎ ጮኸ ገነነ አፉን ሊይዘው እየዘለለ። "ተው! አባዬ ይገድለናል!"

አቶ ጌታሁን አልሳቁም። ነጋዴ ናቸውና አሰቡ።

"ለመሆኑ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሰው ተጠቅሞበት ያውቃል?"

"አንድም ቀን!" አሉ ወንድማማቾቹ ባንድ አፍ።

"እንግዲያው በርበሬው ደህና ነው።" ወደ ደጀኔ ዞሩ። "በርበሬ ቢደበቅ ይገባኛል። ወንድምህን ግን ለምን ካድከው?"

"አፍሬ ነው ጋሼ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ያፈርኩት በራሴ ነው።"

"ሽማግሌዎችህ እንደገና ይምጡ" አሉ አቶ ጌታሁን። "ያንን ወረቀት ግን ትተውት ይምጡ። እሱንም ይዘውት ይምጡ።" በአገጫቸው ገነነን አመለከቱ።

ወደ መናኸሪያው አብረው ሄዱ። ክቡር አርቲስት ገነነ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለረጅም መንገድ የማንንም ድምፅ አላወጣም። የቡድኑን ልብስ የያዘው ትልቁ ጥቅል ትከሻው ላይ ነው። የበግ ተራውን ሲያልፉ ግን በራሱ ድምፅ፣

"አያ፣ እኔስ የተጫወትኩት ላንተ ብዬ ነው" አለ። "አንተ 'አላውቀውም' ስትል ግን አመንኩህ።"

ደጀኔ ጥቅሉን ከወንድሙ ትከሻ ላይ አውርዶ ራሱ ተሸከመው፤ ኮትና ከረባት ባደረገ ሰው ጫንቃ ላይ አቧራማ ጋቢና የጨርቅ ሽንት ቤት። መንገዱ ሙሉ የገበያ ሰው ነበር። የቡሬ ሰው ደግሞ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ምን ተሸክመህ ነው እያለ ያስቆመዋል። ደጀኔም አንገቱን ሳይደፋ እየቆመ፣ "የወንድሜን ልብስ ነው" ይላቸው ነበር።