የሙሽሪት መኪና

ታላላቅ ሰዎች በጥቃቅን ነገር አይጣሉም። የሙሽሪት አባትና የሙሽራው አባትም ታላላቅ ሰዎች ነበሩና፣ ሙሽሪት በማን መኪና ወደ ሰርጉ አዳራሽ ትሂድ በሚለው እጅግ ግዙፍ ጉዳይ ላይ ብዙ ሳምንት መከሩ።

የሙሽሪት አባት መኪና ከአባታቸው የወረሷት፣ ጉንጯ የሞላ፣ ዓይኗ የፈጠጠ ጥቁር ድቡልቡል ናት። «እኔ ቆሜ ልጄ በሌላ መኪና አትሄድም» ብለው ምለዋል። የሙሽራው አባት ደግሞ ከዚያች ብዙ ዘመን ቆይታ የተሠራች፣ ማዕዘኗ የሚቆርጥ ቀይ መኪና አለቻቸው። አንደኛው በኔይቱ ዘመን መኪና ሲያልፍ ሰው ባርኔጣ ያነሳ ነበር ይላሉ፤ ሌላው በኔይቱ ዘመን ኮረዳ ሁሉ መስኮት ይከፍት ነበር ብለው ይመልሳሉ። የሁለቱ ዘመናት ሥልጣኔ በጥልቀት ቢመረመርም አሸናፊው ስላልታወቀ መካኒክ ተጠራ።

መካኒኩ ሁለቱንም አየና ራሱን አከከ።

«ጥቁሯ ፍሬን የላትም፤ ትሄዳለች እንጂ አትቆምም። የቀይዋ ሞተር አልቆለታል፤ ትቆማለች እንጂ አትሄድም።»

ሌላ ተራ ሰው ቢሆን ታክሲ ይጠራ ነበር። አባቶቻችን ግን በደስታ ተቃቀፉ። የአንዷ ጉድለት በሌላዋ ስለሚሟላ፣ ጥቁሯ ከፊት በገመድ እየጎተተች ቀይዋ ከኋላ ፍሬን እንድትይዝ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሙሽሪት ከአባቷ ጋር ከፊት፣ ሙሽራው ከአባቱ ጋር ከኋላ ሆኑ።

ሙሽሪት ገመዱ ይችል እንደሆነ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች። አባትየው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው አጽናኗት። የልብስ ማስጫ ገመድ መሆኑን መንገሩ ግን ለሙሽሪት አይገባም ብለው ተዉት።

ቁልቁለቱ እስኪጀምር ድረስ ጉዞው የተዋጣለት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ካለው አዳራሽ በር ሲደርሱ የሙሽራው አባት ፍሬናቸውን በግርማ ረገጡ። ቀይዋ ቆመች፤ ገመዱ ተበጠሰ፤ ጥቁሯ ሙሽሪትን ይዛ እብስ አለች። እንግዳው ሁሉ ለሰላምታ አንድ ዙር የምትዞር መስሎት ቆሞ አጨበጨበ።

የሙሽሪት አባት መሪውን አንቀው ያዙ። ደግነቱ ከቁልቁለቱ ማዶ ያለው ዳገት የመኪናዋን ፍጥነት እያበረደ ያዛት። ሙሽሪት ወደ ኋላ ዞራ ስታይ ሙሽራው ከረባቱ ትከሻው ላይ እየተውለበለበ በሩጫ ይመጣል።

«አባዬ፣ ባሌ እኮ ኋላ ቀረ!»

አባትየው በመስታወቱ ቆማ የቀረችውን ቀይ መኪና አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አላልኩሽም ልጄ? የነሱ ዘመን መኪና መቼ ደርሶብን ያውቃል!»