አውሮፕላን ያለው ሙሽራ

የሰው ልጅ ሁሉ አንድ አንድ የማይረባ ነገር አያጣም። ይህን ስላችሁ ተቆጥታችሁ ፊታችሁን አታዙሩብኝ፤ መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ። አንዱ ቴምብር ይለቅማል፣ ሌላው የክብሪት ቀፎ ያጠራቅማል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሰው ሐሜት ሰብስቦ በየፈርጁ ያስቀምጣል። እንደኔ እንደኔ ሐሜት ሰብሳቢው ይሻላል፤ ቢያንስ ዕቃው ቤት አያጣብብም። የእኔ የማይረባ ነገር አውሮፕላን ነው። አውሮፕላን እሠራለሁ።

ቀስ በሉ፣ አትሣቁ። የምሠራው መዳፍ ላይ የሚያርፈውን ነው፤ ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰውን። በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ ደመና ሰንጥቆ የሚወጣ ጉደኛ አውሮፕላን ተሥሏል፤ ስትከፍቱት ግን የምታገኙት ግራጫ የፕላስቲክ ስብርባሪ ነው። ክንፉ ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ፣ አብራሪው ለብቻ፣ የአብራሪው ወንበር እንኳ ለብቻ። እያንዳንዷን በምላጭ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በሙጫ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ እውነተኛውን ማስመሰል የባለቤቱ ፈንታ ነው። ለምን ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ። ዘፈን የሚያንጎራጉረውን ሰው ለምን ትላላችሁ እንዴ?

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ አገሩን ከያዘ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ደጋው ግሼ ውስጥ ራቤል በምትባል ከተማ በተመደብኩ ጊዜ ነው። እኔ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ልጅ ነኝ። የመርሐቤቴን ሙቀት የለመደ ሰው ግሼ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያጣው ጆሮውን ነው፤ ብርዱ ቆርጦ ይወስድበታል። ቤት ተዘግቶ የሚሠራ ነገር ካልተገኘ መጠጥ ይለመዳል። ይህን የሰማ አንድ አብሮ አደጌ አዲስ አበባ ከሰልባጅ ነጋዴ ያገኘውን ካርቶን በአውቶቡስ ላከልኝ። መመሪያው የተጻፈው በማላውቀው ቋንቋ ነበር፤ ሥዕሉን አይቼ ገባሁበት።

ለመሆኑ ራቤል ላይ ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕቃ ከየት ይመጣል? ጥበቤን ስሙኝ። ጥቃቅኑን የምይዘው እሾህ በሚነቀልበት ወረንጦ ነው። ቀዩ ቀለም የሴቶች የጥፍር ቀለም ነው፤ ስገዛው ባለ ሱቋ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። የአብራሪውን ቀበቶ ከሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ቆረጥኩለት። ሞተሩ አጠገብ የሚታየው ጥቁረት የኩራዝ ጥላሸት ነው። ከጀርባው እስከ ጭራው የተዘረጋው የሬዲዮ ሽቦ ግን የክብር ዕቃ ነው፤ አከራዬ መሪጌታ ጽጌ ከዝንብ መከላከያ ጭራቸው ላይ እራሳቸው መርጠው ነቅለው የሰጡኝ አንድ ፀጉር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአውሮፕላኑ ባለድርሻ ሆኑ።

መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ውለታቸው ግን በፀጉሩ አይጀምርም። ግሼ ላይ ዛሬ ሚካኤል ነው አይታረስም፣ ነገ ማርያም ናት አይፈተልም፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ነው። አገሩ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ እኔ ቁጭ ብዬ ጎማ ስሞርድ ጎረቤቱ አጉረመረመ፤ አስተማሪው በዓል ይሽራል ተባለ። መሪጌታ ሊያጣሩ መጡና ከምስር ፍሬ የምታንስ ጎማ ስጠርብ ለረጅም ጊዜ ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ ወጥተው ለጎረቤቶቹ ፍርዳቸውን አሰሙ። ሥራ ማለት የሚጠቅም ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም፤ እንግዲያው ልጁ በዓል አልሻረም አሏቸው። ላመስግናቸው ወይስ ልቀየማቸው እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። እታፈራሁ የምትባል፣ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምትሠራ ልጅ ነበረች። ወረፋ ዘሎ የገባን የወረዳ ባለሥልጣን ከነጠባቂው አስወጥታ ከመጨረሻ ያሰለፈች ናት። እኔም ያን ቀን ወረፋ ላይ ነበርኩ። አመመኝ ብዬ ሄጄ ሌላ ሕመም ይዤ ተመለስኩ፤ ወደድኳት። እሷም አልጠላችኝም። ችግሩ አባቷ ጋሽ ይርዳው ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብለው ገብስ የሚያርሱና በግ የሚያረቡ፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያዩ ሰው። ይባስ ብሎ የባለ ወፍጮው ልጅ ቀድሞኝ ሽማግሌ ልኮ ኖሯል፤ ጋሽ ይርዳውም ከፋሲካ በኋላ መልስ እሰጣለሁ ብለዋል። ዘመድ የለኝ፣ ሽማግሌ ሁኑኝ ብዬ መሪጌታ እግር ላይ ወደቅሁ።

በእኛ አገር ጋብቻ የሁለት ወገን መዋጮ ነው። ማጫ ይባላል። የወንዱ ወገን በሬ ሲያመጣ የሴቷም ወገን በዚያው ልክ ያቆማል፤ ኋላ ቢፋቱ እያንዳንዱ ያመጣውን ይዞ ይወጣል። የባለ ወፍጮው ልጅ ጥንድ በሬ አስቆጥሯል። እኔ ያለኝ ጠመኔ ነው። ሽምግልናው ላይ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው መሪጌታ ናቸው፤ እንደ ወጉ በማለዳ ደጃፍ ቆመው፣ ግቡ ተብለው፣ ለምነው ሲያበቁ ጋሽ ይርዳው የእናንተ ልጅስ ምን አለው ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ቃል አጥሯቸው አያውቅም።

«በሬ የለውም። አውሮፕላን ግን አለው» አሏቸው።

ጋሽ ይርዳው የት ነው ያቆመው ብቻ አሉ። «እኔ ግቢ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ኮራ ብለው። እንግዲያው ለገበያ ስወጣ መጥቼ አየዋለሁ፣ በሬም ቢሆን ጥርሱ ታይቶ ነው ብለው ሸኟቸው።

ይህን ስሰማ መሪጌታ ጉድ ሠሩኝ፣ አዋረዱኝ ብዬ አበድኩ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ዋሸሁ እንዴ፣ የለህም እንዴ፣ ምን ያክላል ብለው አልጠየቁኝም እኔም አልነገርኳቸውም አሉና ዳዊታቸውን ቀጠሉ።

ምን አለፋችሁ፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ወጣ። አስተማሪው ከመሪጌታ ጓሮ አውሮፕላን ደብቋል ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠርቶ በማኅበር ነው ወይስ በግል የያዝከው አለኝ፤ በግምገማ ላይ ሊነሣብህ ይችላል ብሎም አስጠነቀቀኝ። እታፈራሁ ደግሞ መንገድ ላይ አግኝታኝ አባቴን ልታታልል ነው ወይ ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። አባትየው ቢስቁብኝ እችለው ነበር፤ እሷ አታላይ ብላ ከቆረጠች ግን አለቀልኝ።

ቅዳሜ ጋሽ ይርዳው መጡ። ጓሮውን በዓይናቸው ዳበሱት፤ ከጎመን በቀር የለም። ቤት ገብተው ተቀመጡና በርኖሳቸውን ሰበሰቡ። እኔ ፊቴ በርበሬ መስሎ አውሮፕላኑን ከመደርደሪያው አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጋሽ ይርዳው አውሮፕላኑን አዩ። መሪጌታን አዩ። መሪጌታ ጣራውን አዩ።

አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው በመስታወቷ ወደ ውስጥ አጮለቁና ይኼ ሰውዬ ማነው አሉኝ። አብራሪው ነው አልኳቸው። ምን ይበላል አሉ። አይበላም ስላቸው እሱስ ደግ ነው አሉ። ከዚያ ለምን እንደጠቆረ ጠየቁኝ፤ ብዙ የበረረ እንዲመስል እኔው ጥላሸት ቀባሁት አልኩ። ይህኔ መሪጌታ ይኸውልዎ ይህን ነገር ተው ብዬ እኔም መክሬዋለሁ፣ አልሰማ አለ ብለው ከሰሱኝ። ጠበቃዬ መሆናቸውን ረስተውት ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ ይርዳው ሞፈር በለመደው እጃቸው በክንፉ በኩል አነሡት። ቀጭ አለ። አንዱ የጎማ እግር ተሰብሮ ጭቃው ወለል ላይ ወደቀና ገለባው ውስጥ ጠፋ።

ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔን ያጠፋሁበት ሥራ ነው። ምንም አይደል አልኩ፤ ተንበርክኬ እግሩን ፈልጌ አገኘሁት፤ ወረንጦዬንና ሙጫዬን አምጥቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ስገባ እግዜር ቢጠራኝም ቆይ ነው የምለው። ሙጫው ይዞ፣ ሽቦ የሆነችው ፀጉር ተወጥራ፣ ቀና ስል ጋሽ ይርዳው የሉም። ገበያው ተበትኗል። አማቼ ሊሆኑ የመጡትን ሰው ደህና ይሁኑ እንኳ ሳልላቸው ሸኝቻለሁ። በቃ፣ ወፍጮው ፈጨኝ ብዬ ተኛሁ።

መልሱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ በመሪጌታ በኩል ነው። ጋሽ ይርዳው እንዲህ አሉ አሉኝ፤

«ልጄ ኃይለኛ ናት፤ ከእጇ ዕቃ አይተርፍም። ለገለባ ያህል እግር ሳይሳደብ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ከተገኘ እሱ ይውሰዳት።»

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እታፈራሁ ግን አባቷ ስለ እሷ የተናገሩትን ሰምታ ሳምንት አኮረፈችን፤ እኔን፣ አባቷንና መሪጌታን በአንድ ላይ።

በሠርጉ ቀን፣ ዳሱ ሞልቶ፣ ማጫው ይታይ ተባለ። ሚዜዬ አውሮፕላኑን በሰፌድ ይዞ ወጣ። ከሩቁ ከቀየት ድረስ የመጡ የሙሽራዋ ዘመዶች አንገታቸውን አስግገው ምኑ ነው፣ ምኑ ነው ይባባላሉ። ጋሽ ይርዳው ብድግ አሉ። በርኖሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው አንድ ነገር አወጡና ሰፌዱ ላይ ጎን ለጎን አኖሩት። ልጆች ክረምት ክረምት ለጨዋታ የሚሠሩት ዓይነት፣ መዳፍ የምታክል የጭቃ በሬ ናት። ራሳቸው ሠርተው፣ ራሳቸው አድርቀው፣ ጎኗን ሳይቀር ጥላሸት ቀብተዋታል። ብዙ ያረሰች እንድትመስል ነው አሉ።

ዳሱ በሣቅ ፈረሰ። መሪጌታ ብቻ ክርክር አያመልጣቸውምና ተነሥተው ይህ በሬ አያርስም ብለው ተሟገቱ። ጋሽ ይርዳው ረጋ ብለው መለሱላቸው።

«የእናንተ የበረረ ዕለት የእኔም ያርሳል።»

አማቼ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አውሮፕላኑም በሬዋም እስካሁን ቁም ሣጥናችን ላይ ጎን ለጎን ናቸው። እውነቱን ለመናገር በአውሮፕላኑ ልኬት ብትታይ በሬዋ አብራሪውን ከእነ ወንበሩ የምትውጥ ናት፤ ልኬት ለአማች አይነገርም ብዬ ዝም አልኩ። በአንድ የጠብ ቀን እታፈራሁ በቃኝ፣ ማጫዬን ይዤ ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ ብላ ነጠላዋን ለበሰች። በሬዋን አንሥታ በር ድረስ ደረሰችና ቆመች። ዞር ብላ አየችኝ። ቀንዷ ተሰብሯል፣ እንደነበረች ካልጠገንክልኝ የትም አልሄድም አለችኝ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ አብራሪውን ሁለት ጊዜ አድሼዋለሁ፤ ሽቦውንም ቀይሬያለሁ። ለቀንዱ የሚሆን ሙጫ ግን እስከ ዛሬ አጥቻለሁ።