ጋሽ ገብረየሱስ ሞተር ሲያስመርጡ

በአዲስ አበባ ምድር ብቻውን ዕቃ የገዛ ሰው የለም። አለ የሚለኝ ካለ፣ ያ ሰው ተታሎ ነው እንጂ ገዝቶ አልመጣም። ደህና ሰው ድስት እንኳ ሲገዛ አስመራጭ ያስከትላል። አስመራጭ ማለት ገንዘቡ ያንተ፣ ሐሳቡ የሱ የሆነ ሰው ነው። በየሰፈሩ አንድ አለ። ደመወዝ የለው፣ ሹመት የለው፣ ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር ቁም ሣጥን ሲያምረው ደጅ ይጠናዋል።

የእኛው፣ የጌጃ ሰፈሩ፣ ክቡር ጓድ ጋሽ ገብረየሱስ ነበሩ። "ክቡር" እና "ጓድ" በዚያ ዘመን አንድ ላይ እንደማይሄዱ አውቃለሁ፤ ለሳቸው ግን አንዱ ብቻ አይበቃም ነበር። ክርና መርፌ፣ የሸሚዝ ቁልፍና ፋኖስ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ሱቃቸው ውስጥ የሌለውን ዕቃ ሁሉ ደግሞ ያስመርጣሉ። "ዕቃ በክብደቱ ነው" ይላሉ። በዚህ ሕግ ሬዲዮ አስመርጠውኛል፤ እውነትም ከባድ ነበር፣ ዜና የሚያወራው ግን ሲመታ ብቻ ነው። አልጋ አስመርጠውኛል፤ ቤት ለማስገባት የበሩን መቃን ነቅለናል። ጫማ ሲያስመርጡኝ ደግሞ ሁለት ቁጥር አስበልጠው "እግር ያድጋል" አሉኝ። ያኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ ባለትዳር ነበርኩ። እሺ ብዬ ገዛሁ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ነገር ሁሉ ከኔ በቀር ማንም አይወቀስም።

በ1978 ክረምት ነገሩ ወደ ሞተር ዞረ። እኔ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሰላሌ ውስጥ ከአንዱ ገበሬ ማኅበር ወደ ሌላው እየዞርኩ በሬ መርፌ የምወጋ። አንድ የውጭ አገር ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ሁለት ሞተሮቹ ለእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እንዲሸጡ ተወሰነና ቀድሞ የመምረጥ ዕጣ ለኔ ወጣ። ሁለቱም መካከለኛ ጉልበት ያላቸው፣ አስፋልት ላይ ሩቅ የሚሄዱ፣ ጥርጊያ መንገድም የማይፈሩ ነበሩ። ጳጉሜን ሳይገባ አንዱን ካልመረጥኩ ተራዬ ያልፋል። ሞተር የሌለው ሠራተኛ ደግሞ ከመስክ ተነሥቶ ዕቃ ቤት ውስጥ መርፌ ሲቀቅል ይውላል።

ቀዩ ሞተር ከፍ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ቤንዚን ብዙ የሚይዝ ነው። መቀመጫው ግን ለአንድ ሰው፣ እሱም ለቀጭን። ሰማያዊው ዝቅ ያለና ከባድ፣ መቀመጫው እንደ አግዳሚ ወንበር የረዘመ፣ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው የእግር ማሳረፊያ ያለው ነው። ሆዱ ግን መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። አብነት ሰፈር የሚሠራው መካኒክ በከር አብሮኝ መጥቶ አንዴ አያቸውና "ለድንጋይና ለወንዝ ቀዩ" ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገሩ እዚያው ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ምን በወጣኝ ብዬ ነው ጋሽ ገብረየሱስ ያላዩትን ሞተር የምገዛው?

የበከርን ፍርድ ስነግራቸው ሳቁ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉና ሱቃቸውን ቆልፈው ተከተሉኝ። በግራ እግራቸው ስለሚያነክሱ ቀስ እያልን ነው የሄድነው። የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ስንደርስ ቀዩን አንድ ጊዜ ዞረው "ይሄ ኩራተኛ ነው" ብለው ተዉት። ሰማያዊው ላይ እኔን ከፊት አስቀመጡኝና እሳቸው ከኋላ ወጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆይተው፣ ከኋላ ያለ ሰው በምን እንደሚይዝ፣ እግሩንም የት እንደሚያሳርፍ ጠየቁኝ። እኔ ጥልቅ ሳይንስ መሰለኝ። በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ የሞተር ጥራት የሚለካው ከኋላው ነው እያልኩ ባልደረቦቼን አስተማርኩ። አንድ ሁለቱ አምነውኛል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ክረምቱን ሙሉ ስንመላለስ ከረምን። ሞተሩ ከቆመበት አይነሣም፤ እሳቸው ሁልጊዜ ከኋላ፣ ዓይናቸው ሁልጊዜ ጭፍን። ከወልቂጤ ወዲያ ያለውን ጭቃ ይችለው እንደሆነ ይጠይቁኛል። የምሄደው ሰላሌ ነው እኮ ስላቸው ለምሳሌ ያህል ነው ይሉኛል። የእንድብርን ዳገት ሁለት ሰው ይዞ ይወጣ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ሰላሌ በሌላ በኩል ነው ስላቸው ዳገት ዳገት ነው፣ አገር አይመርጥም ይሉኛል። ይህችንም ለባልደረቦቼ አስተማርኩ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ እራት ላይ፣ ይህን ሁሉ ጥበብ ለባለቤቴ ለኮከቤ ስተነትንላት ጉርሻዋን ይዛ ሳቀችብኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጋሽ ገብረየሱስ እኮ ለራሳቸው ነው የሚመርጡት። ለመስቀል አገራቸው መግባት ፈልገው ነው።"

እኔ ብቻ ያላወቅሁትን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገረችኝ። መስቀል ሲደርስ የሰፈራችን ጉራጌ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ቆልፎ አገሩ ይገባል። ጋሽ ገብረየሱስ ግን ዕቃ ሲያራግፉ ከመኪና ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ገብተው አያውቁም። አውቶቡሱ እንድብር ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ እናታቸው ቤት ድረስ ያለውን ጭቃ በእግር አይችሉትም፣ በቅሎ ላይ መውጣትም አልሆነላቸውም። እናታቸው ደግሞ በጣም ደክመዋል። ሰው ለምን አይሄዱም ሲላቸው፣ ሰፈሩን ማን ይጠብቅ ይላሉ።

"ባለፈው መስቀል ክር ልገዛ ሄጄ" አለች ኮከቤ፣ "መደዳው ሁሉ ተቆልፎ የሳቸው ብቻ ክፍት ነበር። ያን ቀን የክሩን ቀለም እንኳ አላስመረጡኝም። ዝም ብለው ሰጡኝ።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ክረምቱን ሙሉ ስንመርጥ የከረምነው የኔን ሞተር አልነበረማ። ቀጥሎ ግን አንጀቴን በሉት። አንድ ሰው "ከኋላህ አስቀምጠህ አድርሰኝ" ብሎ መለመን አፍሮ፣ የቆመ ሞተር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይከርማል?

የምርጫው ቀን ደረሰና አብረን ሄድን። ያን ቀን ሞተሩ ላይ አልወጡም። የሰላሌ መንገድ ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ፤ ክረምቱን ሙሉ ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ድንጋይ፣ ወንዝና ጥቁር መሬት ነው አልኳቸው። ጎንበስ ብለው የሰማያዊውን ሆድ አዩ። ቀና ሲሉ መቀመጫውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት።

"ቀዩን ውሰድ" አሉኝ።

"ጋሽ፣ ቀዩ ከኋላ ሰው አይዝም እኮ።"

"ለሥራህ ነው የምትገዛው። ስሳሳት ኖሬ ይሆናል፤ አውቄ ግን ሰው አሳስቼ አላውቅም።"

ከዚያ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የአስመራጭ ምክር ረግጬ፣ ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሰማያዊውን እወስዳለሁ አልኩት። ጋሽ ገብረየሱስ እስከ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ አላናገሩኝም። እዚያ ሲደርሱ ተሳለሙና "ደንቆሮ" ብለውኝ ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ልክ ነበሩ። መስከረም ሲጠባ ሰላሌ ወጣሁና ሰማያዊውን ከወንዝ ለማውጣት ገበሬዎቹ በሬ ጠመዱልኝ። የከተብኳቸው በሬዎች ናቸው፤ ተመስገን፣ ጠንካሮች ነበሩ።

ለመስቀል ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣን፣ የቤንዚን ኩፖን አጠራቀምን፣ ተነሣን። ጋሽ ገብረየሱስ እስከ ወልቂጤ ድረስ ከኋላዬ ሆነው ማርሽ ሲያስመርጡኝ ሄዱ። እንድብርን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የሞተሩ ሆድ ድንጋይ መታና ሁለታችንም ጭቃ ላይ ተዘረርን። ዳሌያቸው ድጋሚ ተሰበረ ብዬ ነፍሴ ወጣች። እሳቸው ግን ጭቃው ላይ እንደተቀመጡ ማዶ ያለውን የእንሰት ጓሮ እያዩ ፈገግ ይላሉ። "ያ የኛ ነው" አሉኝ።

እናታቸው በራፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ የልጃቸውን ፊት በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለዚህ እንኳ አስመራጭ አላስፈለገኝም።

ቤቱ በዘመድ ሞላ። ክትፎው ቀርቦ ሁሉም ሲቀመጥ ጋሽ ገብረየሱስ ወደኔ እያመለከቱ በጉራጊኛ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ ቤቱ በሙሉ በሐዘኔታ አየኝ፤ አንዲት አሮጊት ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ከጎኔ የተቀመጠውን የአጎታቸውን ልጅ ምን እንዳሉ ጠየቅኩት። ትንሽ አፈር ብሎ ነገረኝ።

"ደግ ሰው ነው፣ ነገር ግን ዕቃ መምረጥ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቀዩን ውሰድ ብዬ ብለምነው እንቢ አለኝ፣ እባካችሁ እናንተም ምከሩት ነው ያሉት።"

አልተከራከርኩም። ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው ነበር፤ ያሻቸውን ይበሉ።