አርባ ሠርግ በአንድ መጽሐፍ

ትናንት አጥናፉ ምሳውን በልቶ፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ቀለማቸው ያልደረቀ የፊደል ንድፎቹን እንደተንተራሰ ሸለብ አደረገውና ሕልም አየ። የቀን ሕልም ስለሆነ ፍቺውን የጠየቀው የለም።

አጥናፉ የፊደል ቅርጽ ሠሪ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አርባ ፎንቶቹን የሚያሳይ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ኖሯል። የመጽሐፉ ጭብጥ ሠርግ ነው፤ እያንዳንዱ ፎንት የሠርግ ጥሪ ካርድ ሆኖ ይቀርባል። አርባውም ላይ «የእገሌና የእገሊት ጋብቻ» ይላል። የራሱና የእጮኛው የየትናየት ሠርግ ግን አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ካርዱ አልታተመም፤ ከአርባው አንዱን መምረጥ አቅቶታል። የትናየትም «እስከ ሰኞ ካልመረጥክ የማደርገውን አውቃለሁ» ብላው ነበር፤ ሰኞ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ምሳው አልጣመውም ነበር።

በሕልሙ በሩ ተንኳኳና ከመጽሐፉ ሦስት ፎንቶች ኩታቸውን አጣፍተው ገቡ፤ ወፍራሙ፣ ሰላላውና አጥናፉ ከብራና ላይ የቀዳው ሽማግሌው።

«ኖር» አለ አጥናፉ።

«በእግዜር» አሉና ተዘርፍጠው ተቀመጡ። ለሽምግልና የመጣ ሰው ቆሞ ነው የሚለምነው፤ እነዚህ ግን እሱን አቆሙት።

«ልጅ ልንለምን አይደለም የመጣነው» አለ ወፍራሙ። «ሙሽራ ልንመርጥ ነው።»

ከብብቱ መጽሐፍ አወጣ። በየገጹ አንድ አጥናፉ ቆሟል፤ ቀጥ ያለ አጥናፉ፣ ዘመም ያለ አጥናፉ፣ ደመቅ ያለ አጥናፉ፣ ሁሉም ሱፍ ለብሰው አርባ።

«ሲያንስ ይነበባል?» ጠየቀ ሰላላው።

ሽማግሌው ፊታቸው የቆመውን አጥናፉን በጣቱ ጫን ሲለው እርሳስ አከለ። «ሲያንስ ሆዱ በቀለም ይሞላል።»

«ሲተልቅስ?»

ጎተቱት፤ ጭንቅላቱ ኮርኒሱን ነካ። «ሲተልቅ መሃሉ ባዶ ነው» አለ ሽማግሌው፤ አዝኖለት ጭምር።

ወዲያው ቤቱ የሠርግ አዳራሽ ሆነ። አራት ነጥቦች ሚዜ ሆነው ተደርድረዋል። ጠጁ እንግዶቹን በብርሌ እየቀዳ ይጠጣል፤ ኬኩ ቢላዋውን ቆርሶ ያጎርሳል፤ ካሜራው ፎቶ አንሺውን አንጠልጥሎ ይዞራል። የትናየት ቬሏን ለብሳ ከአንድ ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጣለች።

«አጥናፉ፣ ና እንጂ» አለችው።

ሲሮጥ ወፍራሙ መንገዱን ዘጋበት።

«የትኛው አጥናፉ ነህ?»

«እኔ ነኛ።»

«እኔ የሚባል ማውጫው ላይ የለም።»

«ሙሽራው ነኝ እኮ።»

«አንተማ ናሙና ነህ» አለ ሽማግሌው በትሕትና። «ናሙና ይታያል እንጂ አያገባም።»

«በእናታችሁ፣ ከአርባው አንዱን ምረጡ። ማንም ይሁን።»

«ምን አስቸኮለህ?» አለ ሰላላው። «ገና በፊደሎቹ መሃል ያለውን ክፍተት እያስተካከልን ነው።»

አጥናፉ ቃሉን አወቀው፤ የትናየት በጠየቀችው ቁጥር እሱም የሚመልስላት ይህንኑ ነበር። እሷ ቬሏን አውልቃ ማጣጠፍ ጀመረች። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። «የትናየት» ሊል አፉን ቢከፍት የወጣው «እገሊት» ነው። እሷም ዞር ብላ አላየችውም።

በሩ ተንኳኳ፤ ነቃ።

የየትናየት አክስት ወይዘሮ አልታየ ፖስታ ይዘው ቆመዋል።

«ፊደል ጉንጭህ ላይ ታትሟል» አሉት። «እንካ፣ ካርድህን ላደርስ ነው የመጣሁት። የትናየት ሦስት መቶውንም በእስክሪብቶ ጽፋ ጨረሰች። እጇ ዝሏል።»

ፖስታው «ለአቶ አጥናፉ ከነቤተሰብዎ» ይላል። ከፈተው። እሱ እሱ ነውና መጀመሪያ ያየው የፊደሉን ቅርጽ ነበር፤ ያምራል፤ ከአርባው አንዱም እንደዚህ አያምርም። ቅናት ሁሉ ተሰማው። ከዚያ ነው ያነበበው።

«የወይዘሪት የትናየት ደምሴና የእገሌ ጋብቻ።»

«እትዬ፣ ስሜስ?»

«አርባ ጊዜ እገሊት ስትላት ዝም ያለች ልጅ» አሉ ወይዘሮ አልታየ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «አንድ ጊዜ እገሌ ብትልህ ምን አለበት?»

«ቀሪዎቹን ልያቸው፤ አስተካክላለሁ።»

«የምን ቀሪ? ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙን አድያለሁ። ያንተ የመጨረሻው ነው።»