ሦስት ሽማግሌና አንድ በር

ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ ያወቀ ሰው ሦስቱን አንድ ላይም የሚያውቃቸው ይመስለዋል። ከዚህ የባሰ አሳሳች ነገር አላጋጠመኝም። ከማንም ቀድሜ ይህን ማወቅ የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርሁ። ለምን ቢሉ፣ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን የጻፍሁት በዚሁ ጉዳይ ነው። አንባቢዬ አማካሪዬ ብቻ ነበር፤ እሱም እስከ መጨረሻው ማንበቡን እጠራጠራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአቶም እምብርት ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች ተጣብቀው ይኖራሉ። ምን እንዳጣበቃቸው በዐይን ስለማይታይ ሊቃውንቱ አንዱን በሌላው ላይ ይወረውሩና ወዴት እንደ ነጠረ ያያሉ፤ በጨለማ ቤት ውስጥ ያለን ዕቃ ኳስ እየወረወሩ እንደ መለየት ማለት ነው። የነጠረበት አቅጣጫ ቀድሞ ከተሰላው ጋር ከገጠመ ንድፈ ሐሳቡ አለፈ፣ ካልገጠመ ወደቀ። ሁለቱን ሲያጋጩ ስሌቱ ደኅና ይመጣል። ሦስተኛ ሲጨመር ግን የሁለት ሁለቱን ጠባይ ደምሮ ማስላት ብቻውን አይበቃም፤ ሦስቱ ሲገናኙ ብቻ ብቅ የሚል ሌላ ኃይል አለ። ይህን በዘጠና ገጽ ጽፌ ተመረቅሁና ቢቸና ፊዚክስ ላስተምር ገባሁ።

ማስተዋልን ያገኘኋት እዚሁ ነው። ሞጣ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ለፈተና ቁጥጥር መጥታ አንድ ክፍል ውስጥ ተመደብን። ተማሪዎቹ ቢኮራረጁም ባይኮራረጁም እኔ ያየሁት ነገር የለም። በዓመቱ ተስማማን። የቀሩት አባቷ አቶ ሙሉነህ ነበሩ።

አቶ ሙሉነህ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። ከእኔ በፊት ሌሎች የላኳቸውን ሽማግሌዎች፣ አንድ ጊዜ አንዱ ተቀመጡ ሳይባል ስለተቀመጠ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱ ሲናገር ሌላው ስለገባበት፣ በመጡበት እግራቸው መልሰዋቸዋል። ማስተዋልም ቁርጡን ነገረችኝ። «ያለህ አንድ ዕድል ነው። አባዬ አንዴ የመለሰውን ሰው ሁለተኛ አይቀበልም» አለችኝ። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም፤ እወዳታለኋ።

ስለዚህ ሽማግሌዎቼን በጥንቃቄ መረጥሁ። የመጀመሪያው የቅኔ መምህሩ የኔታ ፈንታሁን ናቸው። ሁለተኛው ቄስ አዱኛ፣ የየኔታ የድሮ ተማሪ። ሦስተኛው የሰፈሩ ሁሉ ታላቅ የሆኑት አያ ይርጋ። ሦስቱም ስማቸው የተከበረ ነው። ግን ይስማማሉ? ይህ በሙከራ መረጋገጥ አለበት ብዬ፣ ሦስት እሑድ በተከታታይ ሁለት ሁለቱን ቤቴ ምሳ ጠራሁ። ሦስቱን አንድ ላይ ያልጠራሁት ወንበሮቼ ሁለት ስለሆኑ ነው። እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ አጠናኋቸው።

ውጤቱ ያማረ ነበር። የኔታና ቄስ አዱኛ ሲመጡ ቄሱ በሩ ላይ ቆም አሉ፤ ተማሪ መምህሩን አይቀድምም፣ የኔታ ገቡ። የኔታና አያ ይርጋ ሲመጡ የኔታ ቆሙ፤ አያ ይርጋ ክርስትና ያነሷቸው አባታቸው ናቸውና አያ ገቡ። አያ ይርጋና ቄስ አዱኛ ሲመጡ አያ ቆሙ፤ ቄሱ የነፍስ አባታቸው ናቸውና ቄሱ ገቡ። እንዲህ ያለ መከባበር የት ይገኛል? ሦስት ሙከራ፣ ሦስት ድል ብዬ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ። አንባቢዬ ነገሩ ገና ከአሁኑ ገብቶት ይሆናል፤ ዘጠና ገጽ የጻፍሁት እኔ ግን አልገባኝም።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች መኪና ተኮናትረው ወደ ሞጣ ሄዱ። በመንገድ ምንም አልሆኑም፤ መኪና ደጉ ነገሩ ለእያንዳንዱ ክብር የየራሱ በር ያለው መሆኑ ነው። እኔ እንደ ወጉ ቢቸና ቀረሁ። የሚሆነውን ከመስኮት እያየች በስልክ የምትነግረኝ ማስተዋል ነበረች።

ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ አለችኝ። የአጥሩ የቆርቆሮ በር ከሁለት ተከፋቹ አንዱ ዝጎ ስለተጣበቀ የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደወለች፤ በሩ ላይ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ አሁንም በሩ ላይ ናቸው። ቄሱ የኔታን ይቅደሙ ይላሉ፣ የኔታ አያን ይቅደሙ ይላሉ፣ አያ ደግሞ ቄሱን እየለመኑ ነው። በመሐል የጎረቤት በግ በእግራቸው ሥር ሾልካ ገባች። እስካሁን የገባችው እሷ ብቻ ናት አለችኝ።

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ይግቡ ብልም በሩ የየኔታን ጋቢ እንኳ ለብቻው በጭንቅ ነው የሚያሳልፈው። አቶ ሙሉነህ መጀመሪያ ቤቴን እየገመቱ ነው ወይ ብለው ተቆጡ፤ ቀጥሎ ሊያስገቧቸው ወጡ። መውጣታቸው ሌላ ጥፋት ሆነ። ባለቤት እንግዳውን ደጅ አቁሞ እንዴት ቀድሞ ይገባል? እሳቸውም አራተኛ ሆነው ቆሙ። ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆሞ ያየች አንዲት ጎረቤት፣ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች መጣች።

ሥርዓት ወዳዱ ሰው እዚህ ላይ ተሸነፉ። እንግዲያው ጉዳያችሁን እዚሁ ንገሩኝ አሏቸው። ማን ይጀምር? ቄሱ ወደ የኔታ፣ የኔታ ወደ አያ፣ አያ ወደ ቄሱ አዩ። ፀሐዩ በረታ፤ አልቃሿም ማን እንደ ሞተ የሚነግራት አጥታ ቀጠለች። በመጨረሻ አቶ ሙሉነህ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የመጣችሁት ለልጄ ከሆነ ሰጥቻለሁ፣ በሉ ግቡ አሉ። ሰው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የሚያገኘውን ቃል እኔ በአንድ ቀን፣ አንድም ሽማግሌ ሳይናገርልኝ አገኘሁ። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ዘለልሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ እንደገና ጮኸ። ማስተዋል ናት ብዬ በደስታ አነሣሁት፤ የሰማሁት ግን የአባቷን ድምፅ ነበር። ለምስጋናው ማን እንደሚቀድም ገና አልተስማሙም፤ ምሳው ደጅ ድረስ ወጥቶላቸው እጅ የሚታጠብ ጠፍቷል፤ ወጡ ቀዝቅዟል። አቶ ሙሉነህ በድካም ተነፈሱና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ልጅቱን ሰጥቼሃለሁ። ሽማግሌዎችህን ግን መጥተህ ውሰድልኝ።»